የውሰት ደረት

ኅዳር 6 ቀን

አሸነፍን፣ ወንድምዓለም! ዋንጫው የእኛ ነው። ከፋብሪካው ዘጠኝ ክፍሎች በጤና አንደኛ የወጣው የእኛ የቅጠል መለያ ክፍል ሆነ፤ ያውም «አቧራ ቃሚዎች» እያሉ ሲያሾፉብን የኖሩት እኛ።

ይኸው ሰላምታውን ዘልዬ ገባሁ። ደስታ ልጓም የለውም። ልመለስና በወጉ ልበል፦ ለአጎቴ ልጅ፣ በአንድ ትራስ ተኝተን ላደግነው ወንድሜ፣ ባለህበት አገር ጤና እንደ ጥላ ይከተልህ፣ ክፉ አይይህ። እኔ ከነባለቤቴ፣ ከነልጆቼና ከነምላሴ ደህና ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቀው የፋብሪካው ክሊኒክ በየዓመቱ የሠራተኛውን ሁሉ ደረት ራጅ ያነሳል። ፎቶው ላይ ነጥብ የተገኘበት ሰው «ለሥራ ብቁ አይደለም» ይባልና ይሰናበታል። ክፍላችንን ያሸለመው የእኛ ጠረጴዛ ነው፤ በመለያ አዳራሹ መስኮት ሥር ባለው በዚህ ጠረጴዛ ስድስት ሴቶች ነን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከስድስታችን አንዲት እንኳ አልታመመችም። በየዓመቱ ስድስት ፎቶ፣ ስድስት «ንጹሕ» የሚል ማኅተም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ «ትምባሆ ገዳይ ነው ለሚሉት መልሱ ይኸው» ብሎ ድግስ አዘዘ። ሽልማቱ ቅዳሜ የካቲት 30 በትልቁ አዳራሽ ነው። የመንግሥት እንግዳ ይመጣል፣ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ የምስጋናውን ንግግር የማደርገው ደግሞ እኔ ነኝ። ካቦው ሲነግረኝ «ካንቺ ሌላ ማን አለ? አፍሽ እንደሆነ ያለ እረፍት ሲሠራ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አለኝ። እኔም ለአፌ ለብቻው ጡረታ እንዲያስከብርለት ነገርኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስድስታችንም ዘንድሮ የተነሳነውን የደረት ፎቶ ልኬልሃለሁ። ለአሸናፊነታችን ብለው ለየራሳችን በሚያብረቀርቅ ፖስታ የሰጡን ነው። በቀኜ የምትቀመጠውን ሳቂታን ለምኜ ነው ያስለቀቅኋት፤ ሳሎን ልትሰቅለው ነበር። እማማ ሚዛን ግን (ትልቃችን ናቸው፤ ድሮ ሚዛን ቤት ስለሠሩ ነው እንዲህ የምንላቸው) «ምን ሊያደርግለት ነው?» ብለው አመነቱ። እኔም ወንድሜ በሰው አገር ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት ሲያነሳ የሚውል የራጅ ባለሙያ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ጥሩ ደረት ይይ ብዬ ተቀበልኳቸው።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ አባትህ፣ አጎቴ፣ ሲስሉ ሲስሉ ያረፉ ጊዜ አራት ገጽ ጽፈህልኝ ነበር። አባቴን የበላው ያ ቅጠል ነው፣ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ሆኖ ከማሽኑ ሥር የተነፈሰው እሱን ነው፣ አንቺም ውጪ ብለህ። ያን ጊዜ አልተከራከርኩህም፤ ሐዘንተኛ ነበርክ። መልሴ ይኸው አሁን መጣልህ። ያ መብራት ያለው ሰሌዳህ ላይ ስቀልና ጓደኞችህን ሁሉ ጥራ። ከዚያ መልስልን፤ ሳቂታ ከአሁኑ ደረሰ ወይ እያለች ነው።

ፋብሪካው እንደሆነ አልከፋብንም። የትምህርት ቤቱን ጣራ ያለበሰው እሱ ነው። የልጆቹንም ማልያ የገዛው እሱ ነው፤ ብቻ ደረቱ ላይ የሲጋራው ምልክት አለበት። ለእያንዳንዳችን በየወሩ አንድ ስቴካ ሲጋራ በነፃ ይሰጠናል። የኔን ድርሻ ባለቤቴ ያጨስልኛል፤ ሳቂታ ግን የራሷን ለማንም አታካፍልም።

ከቻልክ ለየካቲት 30 ና። ካልቻልክም በዚያን ቀን ከተቀመጥክበት ተነስተህ አጨብጭብ።

ወሬኛዋ እህትህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለእህትዓለም፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይሙቅ። ለባለቤትሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የዋንጫውን ወሬ ሰምቻለሁ።

ፎቶዎቹ በደህና ደርሰውኛል። ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ አየኋቸው፤ በማግሥቱም ደግሜ አየኋቸው። ጓደኞቼን ግን አልጠራሁም።

ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳትቀልጂ መልሺልኝ። ፎቶ ማንሻው ክፍል ውስጥ ሰው የሚጠራው በስሙ ነው ወይስ በቁጥር? የሚያነሳው ሰውዬ ፊታችሁን ያያል? ከስድስቱ ያንቺ የቱ ነው? እርግጥ ሁሉም ላይ ስም ተጽፏል፤ እኔ ግን ካንቺ አፍ መስማት ፈልጌ ነው። ደግሞስ ሳል አለሽ? በእንቅልፍሽ ያልብሻል? ልብስሽ ሰፍቶሻል? ደብዳቤ ላይ ሁላችንም ደህና ነን እንላለን። አባቴም እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ደህና ነኝ እያለ ነበር የሚጽፍልኝ።

ፎቶዎቹን ለጊዜው እኔ ዘንድ ላቆያቸው።

ስልክ ብደውል የሚያነሳው ባለቤትሽ ነው፤ ስለዚህ በደብዳቤ ጠየቅሁሽ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ወንድምዓለም፣ ጤናህ ይሰንብት፣ ቀንህ ይባረክ፤

ለሠርግ ብጠራህ የለቅሶ ፊት ይዘህ መጣህ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ባለቤቴ «ምን ይላል?» ሲለኝ «እንኳን ደስ አላችሁ ይላል» አልኩት። ስላንተ ስል ዋሸሁ።

እሺ፣ ልመልስልህ። ሳል ላልከው፣ እዚህ የማይስል ማን አለ? ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቅጠሉ ጥቅል ይፈታል፣ አቧራው እንደ ጭጋግ ይነሳል፣ ያኔ ሁለት መቶ ሰው በአንዴ ይስላል። እኛ «ሰዓቱ ደወለ» ነው የምንለው። አዲስ የገባች ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ያስመልሳታል፣ ራሷን ያዞራታል። የራሰው ቅጠል መርዙ በእጅ በኩል ይገባል ይላሉ። ከዚያ ትለምደዋለች፤ ሰው የማይለምደው ምን አለ።

ልብስ ላልከው፣ አዎ ሰፍቶኛል፣ ተመስገን ነው። የሙሽርነቴ ጊዜ ቀሚስ ዘንድሮ ያለ ትግል ገባልኝ፤ ለዋንጫው ቀን የምለብሰው እሱን ነው። ላብ ላልከው፣ በኔ ዕድሜ የማያልባት ሴት ካለች አሳየኝ።

ያንቺ የቱ ነው ትላለህ። ስሜ የተጻፈበት ነዋ። ስለ ሰውዬው ዓይን የጠየቅከኝ ግን ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። የሚያነሳው ደረት እንጂ ፊት አይደለም፣ ፊት ምን ያደርግለታል?

ይልቅ ስለ ልምምዱ ልንገርህ። ካቦው ሰብስቦን፣ በዕለቱ እንግዳው ሲናገር ማንም እንዳይስል ብሎ አስጠንቅቋል። በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት የሚንት ከረሜላ ይታደላል፤ ጉሮሮውን የሚበላው ሰው አንዱን ምላሱ ሥር ያደርጋል። ሳቂታ «እንግዲያው ለኔ ሙሉ ከረጢቱን» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ሳቋ ወደ ሳል ዞረባትና ውሃ እስክናመጣላት የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆየች።

ለሁሉም ደግሞ፣ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ፎቶዎቹን አይቶ ምስክርነቱን ይጽፍልናል ብዬ አውርቻለሁና እንዳታሳፍረኝ። ካቦው ለእንግዳው ይነበባል እያለ ነው። ፎቶዎቹንም ላክልን። እማማ ሚዛን «አላልኳችሁም?» ማለት ጀምረዋል።

እህትህ


ጥር 3 ቀን

እህትዓለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። የአባቴን ምሳ እንድናደርስ ተልከን ፋብሪካው መጋዘን ገባን። የቅጠሉ ጥቅል እስከ ጣራው ተከምሯል። ከላይ ወጥተን ስንዘል ስንዘል ገፋሁሽ። ቤት ስንደርስ ከደረጃ ወደቀች አልኩ፤ አንቺም አዎ አልሽ። አርባ ዓመት ሙሉ አላጋለጥሽኝም። በግራ ጎንሽ ያለችው ሰባተኛዋ ጎድን ያለ ሐኪም በራሷ ስለገጠመች፣ መሐሏ ላይ እንደ ክርን ጎበጥ ብላ ቀርታለች። ልጅ ሳለን ስንጣላ እጄን ይዘሽ እያስነካሽኝ ታስፈራሪኝ ነበር።

እህትዓለም፣ ያቺ ጎድን በስድስቱም ፎቶ ላይ አለች።

የተጻፈው የስድስት ሰው ስም ነው፣ ደረቱ ግን ያንቺ ብቻ ነው። ለምን እንዳደረግሽው አላውቅም። ማኅተም የሚመታው ሐኪማችሁ አልደረሰበትም፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ ስላላየ ነው። ስላላየ ደግሞ ሌላም ነገር አመለጠው። በቀኝ ሳምባሽ ላይኛው ጫፍ ጥላ አለ። የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። እሱም በስድስቱም ላይ አለ። ምን እንደሆነ በፎቶ ብቻ አይታወቅም፤ በመድኃኒት የሚድን ሊሆን ይችላል፣ የከፋም ሊሆን ይችላል። መታየት አለብሽ፤ በፋብሪካው ክሊኒክ ሳይሆን በመንግሥት ሆስፒታል፣ በራስሽ ስም።

የምፈራው ላንቺ ብቻ አይደለም። የአምስቱን ሴቶች ደረት ማንም ካየው ስንት ዓመት ሆነው? ደግሞም ሰው በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ ጨረር ፊት አይቆምም።

ከየካቲት 30 በፊት ሂጂ። ለምኜሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 27 ቀን

እህትዓለም፣ ደህንነትሽን ያሰማኝ፤

ሃያ አራት ቀን ሆነው። ጠዋትም ማታም ፖስታ ሳጥኔን እከፍታለሁ። ተቆጥተሽም ከሆነ ተቆጥተሽ ጻፊልኝ። ዝም ስትይ አላውቅሽም።

ወንድምሽ


የካቲት 4 ቀን

ወንድሜ፤

ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም። ደህና አለመሆኔን የነገርከኝ አንተ ነህ።

ደብዳቤህን መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጎኔን ዳሰስኩ። አለች፣ ጎበጥ ብላ። አሳባቂ ናት ለካ። እኔ ሞኟ የሰው ደረት ከውስጥ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው ብዬ ነበር። ቅጠልን ከቅጠል ስንለይ የምንውል ሴቶች፣ ሁለት ቅጠል አንድ እንደማይሆን በጣታችን እያወቅን፣ ደረት ግን አንድ ይሆናል ብለን ተቀመጥን።

አጀማመሩን ልንገርህ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሳቂታ የመጨረሻ ልጇን ፀንሳ ነበር። እርጉዝ መሆኗ ከታወቀ ትባረራለች፤ ራጅ ከተነሳች ደግሞ ለፅንሱ አይበጅም። የምንጠራው፣ እንደጠረጠርከው፣ በቁጥር ነው። ሁላችንም አንድ ዓይነት ግራጫ ጋውን ለብሰን፣ ፀጉራችንን በሻሽ አስረን እንገባለን። ክፍሉ ጨለማ ነው። ሰውዬው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ «ትንፋሽሽን ያዢ» ከማለት በቀር ዞሮ አያይም። በራሴ ቁጥር ገብቼ ወጣሁ፣ ሻሼን ቀየርኩ፣ በሷ ቁጥር ገባሁ። በዚያ ቀን ስንስቅ ዋልን። በዓመቱ እማማ ሚዛንን ሳል ጠናባቸውና «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ለመኑኝ። ለእማማ እምቢ ይባላል? ከዚያ የቀሩት ሦስቱም መጡ። ደረቴ እንደ ሰፈር ወንፊት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በሹክሹክታ «የአዳራሹ ደረት» ይሉኛል። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ድሃ ነኝ፣ ለሰው የማውሰው ነገር ማግኘቴ ኩራቴ ነበር።

አሁን ምን ላድርግ? ብናገር ስድስታችንም በአንድ ቀን እንባረራለን። ዝም ብል ደግሞ ሳቂታ አጠገቤ ተቀምጣ በሳለች ቁጥር ያንተ ደብዳቤ ይነበብልኛል። ለእሷ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። እኔ፣ ምስጢር ከያዝኩ ምላሴን የሚያሳክከኝ ሴት፣ ይኸው ወሬ ይዤ ከረምኩ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ፣ አሻፈረኝ አትበለኝ። አንተ ያለህበት ሆስፒታል ማኅተም አለው። በአንድ ወረቀት ላይ ስድስቱንም አይተናል፣ ንጹሕ ናቸው ብለህ አትምበትና ላክልኝ። ካቦው ያንን ወረቀት አምጪ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶኛል። የውጭ አገር ማኅተም ካዩ ሁሉም ነገር ይዘጋል። ዋንጫው ይለፍልኝና ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ፣ ብቻዬን፣ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። አባትህ ቢኖሩ አይጨክኑብኝም ነበር።

እህትህ


የካቲት 13 ቀን

እህትዓለም፤

የልብሽን ጭንቀት ያቅልልሽ። ወረቀቱን ግን አልጽፍም።

አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። አባቴ በመጨረሻው ዓመት «አንተ ሆስፒታል የምትሠራ ስለሆንክ ታምንሃለች፣ አቧራ ነው ያልፋል ብለህ ለእናትህ ጻፍልኝ» አለኝ። ጻፍኩ። እናቴም አመነች። ሐኪም ቤት ሳትወስደው ስድስት ወር ጠበቀች። ያንን ወረቀት ቀብሩ ላይ በእጇ ይዛው ነበር። ሁለተኛ አይለመደኝም።

የደበቅኩሽም ነገር አለ። እኔም አጨሳለሁ። ያንኑ የእናንተን ሲጋራ፤ እዚህ ድረስ ይሸጣል። ሽታው የአባቴ የሥራ ካፖርት ሽታ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ደረት ሳነሳ የራሴን አንድ ቀን ተነስቼ አላውቅም። ለሥራ ባልደረቦቼ ጊዜ የለኝም እላለሁ፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። አንቺ በሰው ስም ስድስት ጊዜ ስትገቢ እኔ በስሜ አንዴ መግባት አቃተኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ጋውኔን አውልቄ ለባልደረባዬ አንሳኝ አልኩት። ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ሳምባዬ ከዕድሜዬ ቀድሞ አርጅቷል፤ ጥላ ግን የለበትም። ሐኪሙ «ልታቆም ካሰብክ ነገ አትበል» አለኝ። ካቆምኩ አምስተኛ ቀኔ ነው። ሰው ሁሉ ጠላቴ መስሏል።

ላንቺ የምሰጠው ማስረጃ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። እነዚያን ስድስቱን ግን አልመልስም። የየራሳችሁን አምጡ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 11 ቀን

ስድስት ደረት፣ ስድስት ዓይነት! ወንድምዓለም፣ ያንተ ሥራ የሆነችው ጎድን ያለችው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ሳቂታም ትናንት ከአልጋዋ እስከ በሩ በእግሯ ሄደች።

አሁንም ሰላምታውን ዘለልኩት። ደጅህን ሰላም ይክበበው፣ ደረትህን እግዜር ያለምልመው፣ እጅህም ከሲጋራ ይራቅ። ሁለት ወር አስጠበቅሁህ። ግማሹን ወሬ ልኬ ሌላ ሥጋት ውስጥ አልከትህም ብዬ፣ ሙሉውን እስክይዝ ነው።

ፎቶህ የደረሰኝ ዕለት በምሳ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ሲሆን አምስቱን አስቀረኋቸው። ጠረጴዛችን ላይ፣ ቅጠሉን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ ያንተን ደረት ዘረጋሁት። ይሄ የወንድሜ ነው፣ ሃያ ዓመት ፈርቶ ባለፈው ሳምንት ገባ አልኳቸው። ከዚያ ስለ ጎድኗ ነገርኳቸው፣ ስለ ጥላው ነገርኳቸው። ሳቂታ ሳትስቅ ፊቷ እንዴት እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። ከቀሩት ሦስቱ አንዷ ልጆቿን ቆጠረችልኝ፤ ብባረር እነዚህን ማን ያበላልኛል ማለቷ ነው። በመጨረሻ እማማ ሚዛን ብድግ አሉ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና፦

«በይ ደረታችንን መልሺልን፤ የየራሳችንን ይዘን እንሂድ» አሉ።

ቅዳሜ የካቲት 23 ስድስታችንም በአንድ አውቶቡስ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። እዚያ የሚጠሩት በስም ነው። ስሜ ሲጠራ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ከዚያ ልማድ ክፉ ነው፣ ሻሼን መፍታት ጀመርኩ። ሳቂታ እጄን ያዘችና «በቃሽ፣ ተራው የኔ ነው» አለችኝ። በሩ ሲዘጋባት አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሐሙስ ውጤት መጣ። ሦስቱ ደህና ናቸው። የእማማ ሚዛን ሳምባ የቅጠሉ አቧራ አድርቆታል፤ ሁለተኛ አቧራ እንዳይጠጉ ተባሉ። የኔ ጥላ ገና ምርመራ ይቀረው ነበር። ሳቂታ ግን ግራ ሳምባዋ ላይ ከኔ የሚበልጥ አለባት፤ ሐኪሙ ቶሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ አለ። ዘጠኝ ዓመት «ንጹሕ» ያስባልኳት እኔ ነኝ፣ ወንድምዓለም። ይሄን ነገር ማታ ማታ ከራሴ ጋር እነጋገርበታለሁ፤ አንተ ምንም እንዳትመልስልኝ።

የዋንጫው ቀን ደረሰ። ቀሚሴን ለበስኩ። በር ላይ ከረሜላ ታደለን። እንግዳው አርባ ደቂቃ ተናገረ፤ ፋብሪካው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ከረሜላ ጥርስ ሲነካ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ዋንጫውን አስታቀፉኝና ማይኩን ሰጡኝ። የጻፍኩት ንግግር ሁለት ገጽ ነበር፤ እጥፉን እንኳ አልፈታሁትም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦

«ይሄ ዋንጫ የተሰጠው ለስድስት ሴቶች ንጹሕ ደረት ነው። ደረቱ የአንድ ሴት ነው፤ በስድስት ቁጥር የገባሁት እኔ ነኝ። እሱም ታሟል። የሌሎቹን ለዓመታት ያየው ሰው የለም።»

ካቦው ማይኩን ሊቀማኝ ሲሮጥ እማማ ሚዛን ከረሜላቸውን በመሐረብ ተፍተው ሳሉ። ቀጥላ ሳቂታ። ከዚያ ከኋላ ረድፍ አንድ ወንድ፣ ከዚያ ማሸጊያ ክፍሉ፣ ከዚያ ሁሉም። ከጠዋት ጀምሮ የያዙት ሳል እንደ ጎርፍ ወረደ። ሰዓቱ ደወለ ልልህ ነው። ሥራ አስኪያጁ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ጋዜጠኛው ይጽፋል። እንግዳው ግን ዓይኑን ከእማማ ላይ አልነቀለም።

ሰኞ ቢሮ ጠሩኝ። ሥራ አስኪያጁ ለምን አታለልሽን አለኝ። ምላሴ የተለመደ ሥራውን ሠራ፦ «እኔ ስድስት ጊዜ ገባሁ፤ እናንተ አንድ ጊዜ እንኳ አላያችሁም።» የእገዳ ደብዳቤ ሰጡኝ። አምስቱንም ሊያባርሩ ነበር። ነገር ግን ሴቶቹን ከከሰሱ፣ ሐኪማቸው አንድ ደረት ላይ ስድስት ማኅተም ሲመታ መኖሩን በአደባባይ ሊመሰክሩ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ዋጡት። ሐኪሙ ረጅም ፈቃድ ወጣ ይባላል። ከመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሰዎች መጥተው ሠራተኛው በሙሉ በመንግሥት ሆስፒታል፣ በየስሙ እንዲነሳ አዘዙ። እማማ ሚዛን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረዋል። የኔ ሥራ ገና አልለየለትም፤ ይመልሱኝ አይመልሱኝ አላውቅም። ዋንጫውን ወሰዱት፤ ሲጎትቱ ክዳኑ በእጄ ቀረ። ኪኒኔን የማስቀምጠው በሱ ነው።

ኪኒን ያልኩህ፣ የኔ የሳምባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር ሳያቋርጡ ከዋጡት ይድናል አሉኝ፤ መጋቢት 12 ጀመርኩ። ባለቤቴና ልጆቹ ተመርምረው ነፃ ናቸው። ባለቤቴ ሲነገረው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ሲጋራውን ይዞ ግቢ ወጣ። አቆምኩ አይልም፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዞ እያጨሰ ነው። ቢሆንም ትናንት ሳየው ጃንጥላውን ብቻ ይዞ ቆሟል።

የሳቂታ ግን ያ ክፉው ነው፣ ካንሰር። መጋቢት 25 ከግራ ሳምባዋ ግማሹን ቆርጠው አወጡ። ሐኪሞቹ አልዘገየም አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም፣ በነሐሴ ደግመው ያዩዋታል። ገና ስትነቃ ይቅር በይኝ አልኳት። «አንቺ ምን አደረግሽ፣ ሞኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን የለመንኩሽ እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። ከዚያ ልትስቅ ብላ ስፌቷ ያዛትና ትራሱን በደረቷ አቀፈች። ሲጋራውን ጥላዋለች። የፋብሪካውን የወር ስቴካ ቤቷ ድረስ ላኩላት፤ ያመጣውን ሹፌር ይዞት እንዲመለስ አድርጋ ሸኘችው።

አሁን ስማኝ። ማክሰኞ መስከረም 7 የመጨረሻዋን ኪኒን እውጣለሁ። ሳቂታ ደግሞ እስከዚያ ከቤቷ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ በእግሯ ልትጨርስ ተወራርዳኛለች፤ ዛሬ በሩ፣ ነገ አጥሩ፣ ከነገ ወዲያ ማዕዘኑ እያለች። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ መጋረጃዬን አውርጄ የየራሳችንን ስድስት ፎቶ መስኮቱ ላይ እለጥፋለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ሁሉም በየስሙ ይታያል። ሰባተኛው ቦታ ያንተ ነው፤ ደረትህን በፖስታ ልከኸዋል፣ አሁን ራስህን አምጣ። እነዚያን የድሮዎቹን ስድስቱንም ይዘህ ና፤ ሳቂታ እንዳማራት ትስቀላቸው እንደሆነ፣ ቀዳ ትጥላቸው እንደሆነ ራሷ ትወስን። አንተንም ከጥቅሉ ላይ ገፍተኸኝ እንደነበር በሰው ፊት አጋልጥሃለሁ፣ ተዘጋጅ። ማርፈድ የለም፣ ይቅርታ የለም፣ ሥራ በዛብኝ የለም፤ ሰዓቱ የሚደውለው በሦስት ነው። ና፦ እሑድ፣ መስከረም 12።